ቅመም ሻይ ያለ ስኳር አይጠጣም ያለው ማነው?

አክስቴ ስኳር እንዳለባት ሐኪም በነገራት ሰሞን እኛ ቤት መጣች። ሻይ ቀዳሁላት፤ ስኳር አልጨመርኩበትም። አንዴ ፉት አለችና ብርጭቆውን መልሳ አስቀመጠችው። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሻይ ነው የእሬት ውሃ?» አለችኝ። ቅር እያለኝ እኔም ቀመስኩት። እውነቷን ነው። ይመራል፣ ምላስ ያደርቃል፣ ቅመሙ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም። ለካ በየቀኑ ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመርኩ የምጠጣው ይሄንኑ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቅመም ሻይ የማውቀውን ሁሉ እንደገና መፈተሽ ጀመርኩ። አብዛኛው ከሰው አፍ የሰማሁት፣ ለምን ብዬ ጠይቄ የማላውቀው ነገር ነበር።

«ሁሉንም አንድ ላይ ከትቶ ማፍላት ነው»

የእኔም ዋና ጥፋት እዚህ ጋ ነበር። ቀረፋ የዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርንፉድ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው። ሁለቱም ደረቅና ጠንካራ ስለሆኑ ጠረናቸውን ለመልቀቅ እሳትም ጊዜም ይፈልጋሉ። ሻይ ቅጠል ግን እንደዚያ አይደለም። ከውሽውሽም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ ታሽጎ የምንገዛው ቅጠል ደቅቆ የተዘጋጀ ነው። በሦስት አራት ደቂቃ ውስጥ ቀለሙንም ጣዕሙንም ይሰጣል። ከዚያ በላይ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ታኒን የሚባለው ነገር እየበዛ ይወጣል። አክስቴን ፊቷን ያስጨፈገጋት እሱ ነው።

ታዲያ ሁለቱን አንድ ላይ ካፈላናቸው አንዱ መበደሉ አይቀርም። ቶሎ ካወረድነው ቅመሙ ገና ነው፤ ካቆየነው ቅጠሉ አልፎበታል። ያኔ ስኳር መጥቶ ይሸፍንልናል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ውሃ እጥዳለሁ። ጣት የሚያክል ቀረፋ ሁለት፣ ቅርንፉድ ስድስት ፍሬ፣ ሄል ስድስት ፍሬ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል ቀጥቅጬ እጨምራለሁ። ሄሉን በዘነዘና ነካ አድርጌ ልጣጩን እሰነጥቀዋለሁ እንጂ አላደቀውም። ሲፈላ እሳቱን ቀንሼ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ ከድኜ። ክዳኑን አደራ። ቤቱ በቅመም ሽታ ታወደ ብለን ደስ የሚለን ነገር፣ ሽታው ከድስቱ ወጥቶ ሄደ ማለት እኮ ነው።

ከዚያ ከእሳት አወርደዋለሁ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምሬ፣ መልሼ ከድኜ፣ አራት ደቂቃ። ሰዓት አያለሁ፤ በግምት አልሄድም። ወዲያው ወደ ፔርሙስ አጠልላለሁ። ቅጠሉ ውስጡ ከቀረ የመጀመሪያው ብርጭቆ ጥሩ ይሆንና ሁለተኛው እሬት ይሆናል።

አዲስ አበባ ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ዱባይ ያለችው እህትህ ዘንድ 100 ዲግሪ ይደርሳል። እሷ ሦስት ደቂቃ በቂ ነው ካለችህ አንተ አንድ ደቂቃ ጨምርበት።

«የተፈጨ የሻይ ቅመም ይፈጥናል፣ ያው ነው»

ይፈጥናል፤ ያው ግን አይደለም። የቅመም ጠረን የሚኖረው በቀላሉ በሚተን ዘይት ውስጥ ነው። ከተፈጨ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ይጠፋል። ዱቄቱ ሻዩን ያደፈርሰዋል፣ የብርጭቆው ሥር ደግሞ አተላ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ አይታይም። ፍሬውን ከነሙሉው ከገዛህ ቢያንስ የገዛኸውን ታውቃለህ።

«ሄል እና ኮረሪማ አንድ ናቸው»

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሄል አረንጓዴ፣ ትንሽ፣ ሽታው ቀለል ያለ ነው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። ኮረሪማ የእኛው ነው፣ በደቡብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ጥላ ሥር የሚበቅል። ቡናማ፣ ትልልቅ፣ ጠረኑ ጠንከር ያለ። ሻይ ላይ ማድረግ ነውር የለውም፤ ነገር ግን በስድስት ሄል ፋንታ ስድስት ኮረሪማ ከጨመርክ ሻዩ ወጥ ወጥ ይልሃል። አንድ ሰንጥቀህ ከውስጡ ጥቂት ፍሬ ብቻ ውሰድ።

«ቀረፋ ሁሉ ቀረፋ ነው»

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከስሪላንካ የሚመጣው ነው። ስስ ቅርፊቶች ተደራርበው እንደ ሲጋራ የተጠቀለሉ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር። ሌላው ካሲያ የሚባለው ነው። ወፍራም፣ ባለ አንድ ንብርብር፣ ለመስበር የሚያስቸግር። በብዛት የማየው ይሄኛውን ነው።

በካሲያ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ነገር አለ። ሲበዛ በአንዳንድ ሰዎች ጉበት ላይ ጉዳት ያደርሳል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በየቀኑ ቢወሰድ ችግር የለውም ያለው መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.1 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊግራም ይመጣል። ሁለት እንጨት ለቤተሰብ በሚበቃ ሻይ ውስጥ ፈልቶ ሲወጣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። «ስኳር ይቀንሳል» ተብሎ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የካሲያ ዱቄት የሚውጡ ሰዎች አሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻውን ከዚያ መጠን ሊያልፍ ይችላል።

«ቀረፋ ሻይ ስኳር በሽታን ያድናል»

አያድንም። ቀረፋ በደም ስኳር ላይ ያለው ውጤት ተጠንቷል፤ የተገኘው መልስ ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል። ማንም ሐኪም መድኃኒትህን ትተህ ቀረፋ አፍላ አይልህም። ቅመም ሻይ ለስኳር ሕመምተኛ የሚጠቅመው ያለ ስኳር ደስ ብሎት የሚጠጣው ነገር ስለሚሆንለት ነው። እሱም ቀላል አይደለም።

«ያለ ስኳር ምኑ ይጠጣል?»

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በብርጭቆ ሦስት፣ በቀን አራት ብርጭቆ፤ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ወደ 25 ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ስለዚህ የቀኑን ድርሻ ሻይ ብቻውን ጨረሰው። ለስላሳው፣ ኬኩ፣ ጁሱ ገና አልተቆጠረም።

ያለ ስኳር ሲጠጣ ግን የተለመደውን ሻይ አፍልቶ ስኳሩን ብቻ መተው አይሆንም። እኔ አክስቴን ያስቀየምኩት እንዲህ አድርጌ ነው። አሠራሩ ራሱ መለወጥ አለበት። ቅጠሉን ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት አወረድኩት፤ ከድኜ የማቆየውም ሦስት ደቂቃ ብቻ ሆነ። ቅርንፉዱን ከስድስት ወደ ሦስት ቀነስኩ። ቅርንፉድ ምላስ የሚያደነዝዝ ነገር አለው፤ ለዚህም ነው የጥርስ ሕመም ላይ የሚያደርጉት። ከስኳር ጋር አይታወቅም፣ ያለ ስኳር ግን ጎልቶ ይወጣል። ቀረፋውን አንድ እንጨት ጨመርኩ። ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የእንስላል ፍሬ። እንስላል በራሱ የሚጣፍጥ ነገር አለው፤ ፍሬውን አኝከው ይዩት። ብርቱካን ካለ ደግሞ ከልጣጩ ትንሽ፣ ነጩን ሳይነካ ተልጦ፣ ቅጠሉ ሲገባ አብሮ ይገባል።

ይሄን ለአክስቴ ስሰጣት ዝም ብላ ጠጣችው። ከእሷ ዝምታ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስኳር በሐኪም ያልተከለከለ ሰው በአንድ ቀን ለምን ይሰቃያል? በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይበቃል። ምላስ ይለምዳል። እኔ ዛሬ ሰው ቤት ሦስት ማንኪያ የገባበት ሻይ ሲቀርብልኝ ሽሮፕ የጠጣሁ ይመስለኛል፤ ለይሉኝታ ግን እጨርሰዋለሁ።

«ስኳሩን ትቼ ማር አደርጋለሁ»

ማር ስኳር ነው። ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ማር ከባድ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ 7 ግራም ይመዝናል። ውስጡ ከ5 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ከአንድ ማንኪያ ስኳር ይበልጣል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ማርን የሚቆጥረው ከስኳሩ ጋር ነው። ስትወደው ጠጣው፣ ግን «ያለ ስኳር ነው» ብለህ ለስኳር ሕመምተኛ እንዳታቀርብ።

በስኳር ፋንታ ሻይ ለማጣፈጥ የሚገቡት ስኳር አልባ እንክብሎችስ? ይሄው ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አትጠቀሙባቸው ብሏል። ምክሩ ግን ቀድሞውኑ ስኳር ላለበት ሰው አይደለም። እሱ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

«ስኳር አልጨመርኩም፣ ወተት ብቻ ነው»

የቱን ወተት? ከገልፍ የተመለሱ እህቶቻችን ከረክ የሚባለውን ሻይ ይዘውልን መጥተዋል። ጠቆር ያለ ሻይ፣ ሄልና የጣሳ ወተት። ጣሳው ላይ ያለውን ማንበብ ነው። ውሃው ብቻ ተንኖ የወፈረ ወተት አለ፤ ስኳር ተጨምሮበት የወፈረም አለ። ሁለተኛው ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። እሱን ጨምሮ ስኳር አልነካሁም ማለት አያስኬድም። ተራው የላም ወተትም ቢሆን በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ገደማ የተፈጥሮ ስኳር አለው፤ የደም ስኳሩን የሚለካ ሰው ይሄን ይቁጠር።

ወተት ካነሳን አይቀር፣ ወተቱ ሲቆራረጥ ሁሌ ባለሱቁን አንስደብ። አንድ እሑድ እንግዳ ቤት ተቀምጦ ጥሬ ዝንጅብል ለብ ያለ ወተት ውስጥ ቀጥቅጬ ጨመርኩ። ዓይኔ እያየ አይብና አጓት ሆነ። ጥሬ ዝንጅብል ወተትን የሚያረጋ ነገር አለው፤ ሲፈላ ኃይሉን ያጣል። ዝንጅብሉን በውሃ ደህና አድርገህ አፍላው፣ ወተቱ መጨረሻ ላይ ይግባ።

«ምሳ ላይ ሻይ ያወራርዳል»

ያወራርዳል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ የሽሮውንና የጎመኑን አይረን ሰውነት እንዳያገኘው ይይዛል። ሥራው ያው የታኒንና የዘመዶቹ ነው። ደም ማነስ ያለባት ሴት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ሻዩ ከምግብ አንድ ሰዓት ቢርቅ ይሻላል። ቅጠል ሳይገባ ቅመሙ ብቻ የፈላ ከሆነ ካፌይንም የለውም፤ ማታ ለሚጠጣ ሰው የምመክረው እሱን ነው።

«ቅመሙ አንዴ ከፈላ አለቀለት»

ቅርንፉድና ሄሉ አዎ። ቀረፋው ግን አላለቀም። ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ አንድ አዲስ እንጨት ከተጨመረበት ለሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። እርጥቡን አምቆ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ይሻግታል።

አክስቴ ባለፈው ስትመጣ ይሄን ነገርኳት። ማጥለያውን ከእጄ ተቀብላ ቀረፋዎቹን አንድ በአንድ ለቀመች፣ በሶፍት ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «አንቺ እንደሆንሽ ትጥይዋለሽ» አለችኝ።