ከኤስሲሲኤም ጋር የሚመጣው የኤስኪውኤል ሰርቨር ላይሰንስ ምንድን ነው? ኤስሲሲኤምስ ኤስኪውኤሉ ውስጥ የሚገባው በማን ስም ነው?

ስታዲየም አካባቢ አንድ ህንፃ ላይ አይቲ ሆኜ ስሰራ ነው ይሄን ነገር በደንብ የተማርኩት፣ ያውም ተጨቃጭቄ። የሰው ሀይል ሀላፊዋ አንድ ቀን መጥታ "የኔ ወንድም፣ ሰርቨር አለን አይደል እንዴ፣ ይቺን የአሻራ አቴንዳንስ እዛው ላይ ጫንልን በቃ" አለችኝ፣ ከኋላዋ ሲስተሙን የሸጠው ልጅ ፍላሹን ይዞ ቆሟል፣ ገና ሳይቀመጥ "የኤስኤ ፓስወርዱን ስጠኝ" አለኝ፣ የኤስኪውኤሉ ዋና ዩዘር የሚገባበትን ማለቱ ነው። እምቢ ስል ሁለቱም እንደ ክፉ ሰው አዩኝ። ግን በዛች አንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ችግር ነበር፣ አንዱ የላይሰንስ አንዱ የመግቢያ።

ለማያውቅ፣ ኤስሲሲኤም ማለት (አሁን ስሙ ማይክሮሶፍት ኮንፊግሬሽን ማናጀር ነው፣ እኛ ግን በድሮው ስሙ ነው የምንጠራው) የድርጅቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ ከአንድ ቦታ ሆነህ የምትቆጣጠርበት ነው፣ አፕዴት ትልክበታለህ፣ ሶፍትዌር ትጭንበታለህ፣ የትኛው ማሽን ስንት ራም እንዳለው ታይበታለህ። ይሄን ሁሉ መረጃ የሚያስቀምጠው ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ላይ ነው፣ ማይኤስኪውኤል ኦራክል ምናምን አይቀበልም።

አሁን ብዙ ሰው "ኤስኪውኤሉ ነፃ ነው" የሚለው ከዚህ ነው የመጣው። ኤስሲሲኤምን በህጋዊ የማይክሮሶፍት ላይሰንስ ስትገዛ ለሱ ዳታቤዝ ብቻ የሚሆን ኤስኪውኤል የመጠቀም መብት አብሮ ይሰጥሃል፣ ለብቻው አትከፍልም፣ ካል የሚባለውንም የተጠቃሚ ፈቃድ ለየሰዉ አትገዛም። ግን መብቱ እንደ ቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ምንም አይደለም፣ ትኖርበታለህ፣ ግን አንዷን ክፍል ለሌላ ሰው ማከራየት ወይም በረንዳው ላይ ሱቅ መክፈት አትችልም። የሳይቱ ማለትም የራሱ የኤስሲሲኤሙ ዳታቤዝ ይቀመጥበታል፣ የሱ ሪፖርቲንግ ሰርቪስ ይሰራበታል፣ አፕዴት የሚያከፋፍለው የደብሊውኤስዩኤስ ዳታቤዝም ይገባል። አቴንዳንስ ግን አይገባም። ፔይሮልም አይገባም። ሰርቨሩ ይችላል ወይ ከሆነ ጥያቄው ይችላል፣ ምንም አይነት መልእክት አያወጣም፣ አይከለክልህም፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ማንም ሳያስቆምህ ላይሰንስህን ታጠፋዋለህ።

ባዕድ ዳታቤዝ ከገባ ለዛ ሰርቨር ሙሉ ላይሰንስ ያስፈልጋል። ወይ በፕሮሰሰሩ ኮር ብዛት ትከፍላለህ፣ እሱም ትንሹ 4 ኮር ነው፣ ወይ ሰርቨሩን ገዝተህ ለየሰዉ ወይም ለየማሽኑ ካል ትገዛለህ። ሻጩ ልጅ "ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው እኮ አፕሊኬሽኑ ብቻ ነው፣ አንድ ካል ይበቃል" ብሎኝ ነበር። አይደለም፣ መሀል ላይ አፕሊኬሽን ስለገባ ከኋላ ያሉት ሰዎች አይቀነሱም፣ በአፕሊኬሽኑ በኩል የሚጠቀሙት ሁሉ ይቆጠራሉ።

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ኢቫሉዌሽኑን፣ ማለትም የኤስኪውኤሉን የሙከራ ቅጂ፣ ጭኖ መርሳት ነው። 180 ቀን ነው የሚሰራው፣ በኛ አቆጣጠር ከጳጉሜ በቀር ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ጥቅምት 1 የጫንከው ሚያዝያ ሲገባ ያበቃለታል፣ ሰርቪሱ አልነሳም ይልሃል፣ ኤስሲሲኤሙም አብሮ ይተኛል። ዳታው አይጠፋም፣ ሴትአፑን ከፍተህ ኤዲሽን አፕግሬድ በሚለው ትክክለኛውን ቁልፍ ታስገባለህ፣ ግን ያን ቀን ስልክህ አያርፍም። ኤክስፕረስ የሚባለው የኤስኪውኤል ዓይነት ደግሞ እውነትም ነፃ ነው፣ ግን አንድ ዳታቤዝ እስከ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ድረስ ከ10 ጊጋ፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር 2025 ደግሞ ከ50 ጊጋ ማለፍ አይችልም፣ ኤስሲሲኤም ላይ ደግሞ ለሰከንደሪ ሳይት (በዋናው ስር ላለው ንዑስ ሰርቨር) እንጂ ለዋናው አይሆንም። አቴንዳንሱን በመጨረሻ እሱ ላይ ነው ሌላ ማሽን አምጥተን የጫንነው፣ ለአቴንዳንስ ከበቂ በላይ ነው።

ወደ መግቢያው ስመጣ፣ ኤስኪውኤል ስትጭን ዊንዶውስ ኦተንቲኬሽን ወይስ ሚክስድ ብሎ ይጠይቅሃል። የመጀመሪያው ማለት ሰውየውን አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅቱ የዩዘርና የኮምፒውተር መዝገብ) ያውቀዋል፣ እኔ ሌላ ፓስወርድ አልጠይቅም ማለት ነው። ሚክስድ ማለት ከዛ በተጨማሪ ኤስኪውኤል የራሱን ዩዘርና ፓስወርድ ይይዛል፣ ኤስኤ የሚባለው ትልቁ ዩዘርም ይከፈታል። ኤስኤን ዓለም ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፣ ሌባው ፓስወርዱን ብቻ ነው የሚገምተው። ኤስሲሲኤም የመጀመሪያው ብቻ ይበቃዋል፣ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኘው በዊንዶውስ ነው፣ ስለዚህ ሚክስድ የምታደርገው ለሌላ ሰው አፕሊኬሽን ብለህ ነው፣ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም እዛ መቀመጥ የሌለበት ነው። የልጁን ኮንፊግ ፋይል በኖትፓድ ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ የሌላ ደምበኛ የኤስኤ ፓስወርድ እንዳለ በግልፅ ተፅፎ ተቀምጧል።

ጀማሪዎች የሚደናገሩት "እሺ ታዲያ ኤስሲሲኤም በማን ስም ነው የሚገባው፣ ፓስወርዱን የት ነው የምፅፈው" ላይ ነው። የትም አትፅፍም። የሚገባው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው፣ ዶሜይን ውስጥ (አክቲቭ ዳይሬክተሪው በሚያስተዳድረው ኔትወርክ) እያንዳንዱ ማሽን የራሱ አካውንት አለው፣ ስሙ መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት ያለበት፣ ፓስወርዱንም ካልነካካኸው በየ30 ቀኑ ራሱ ይቀይራል። ዳታቤዙ ሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነ የኤስሲሲኤሙን ማሽን አካውንት እዛኛው ላይ ሎካል አድሚን፣ ኤስኪውኤሉ ውስጥ ደግሞ ሲስአድሚን (ሙሉ ስልጣን ያለው) ታደርገዋለህ፣ ብዙ ጊዜ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው።

ከዛ የከርቤሮስ ጣጣ አለ፣ ዶሜይን ውስጥ ማን ማን እንደሆነ የሚረጋገጥበት ዘዴ ነው። የኤስኪውኤሉ ሰርቪስ የሚነሳው በዶሜይን ዩዘር ከሆነ ኤስፒኤን የሚባለውን፣ ሰርቪሱ በከርቤሮስ የሚታወቅበትን ስም በዛ ዩዘር ላይ ማስመዝገብ አለብህ፣ በአጭሩም በሙሉውም የሰርቨር ስም፣ ከፖርቱ 1433 ጋር።

ከርቤሮስ ደግሞ ሰዓት ላይ ጨካኝ ነው፣ በማሽኖቹ መካከል የሚታገሰው የሰዓት ልዩነት ካልቀየርከው 5 ደቂቃ ነው። አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ የዳታቤዙ ማሽን ባትሪው ሞቶ ኖሮ ሰዓቱ ተዛብቷል፣ የሰዓት ማመሳሰያ ሰርቪሱም ጠፍቶ ነበር፣ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ ሊያግዘኝ ብሎ የእጅ ሰዓቱን አየና 3:20 ብሎ ሞላው፣ በሀበሻ። ማሽኑ ከዶሜይኑ 6 ሰዓት ወደኋላ ቀረ። እኔ ግማሽ ቀን ኤስፒኤን ስፈትሽ፣ ፋየርዎል ስከፍት ስዘጋ፣ የሰርቪስ ፓስወርድ ስቀይር ዋልኩ፣ ሎጉ የኤስኤስፒአይ ስህተት (የዊንዶውስ መግቢያ ስህተት) ብቻ ነው የሚደጋግመው። ምሳ በልቼ ስመለስ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ሰዓት አየኋት። ወደ ፈረንጅ መለስኳት፣ ሰርቪሱን ሪስታርት አደረግኩት፣ ገባ።