ፖቴቶ ስኪን ለምን ይልፈሰፈሳል? በስህተት የምናምናቸው ነገሮችና እውነታው

ለመጀመሪያ ጊዜ ፖቴቶ ስኪን የሠራሁ ቀን እንግዶቼ የበሉት በሹካ ነው። በእጅ ተነስቶ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ነገር መሆን ነበረበት። ድንቹን ቀቀልኩ፣ ለሁለት ሰነጠቅኩ፣ ውስጡን ዛቅኩ፣ ቺዝና ቤከን (ስስ ሆኖ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ) ከመርኩበትና ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ ከላይ ሲያዩት ያምራል። አንዱ ጓደኛዬ ጫፉን ይዞ ወደ አፉ ሲያስጠጋው ግን መሃሉ ላይ እጥፍ አለና ቺዙ ከነቤከኑ ዘጭ ብሎ ሳህኑ ላይ ወደቀ። እጁ ላይ የቀረው ልጣጩ ብቻ ነበር፣ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠልጥሎ። ማንም ምንም አላለም። ሹካ ብቻ ጠየቁ።

ምግቡን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ድንች ከነልጣጩ ይጋገራል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ ውስጡ በማንኪያ ይዛቃል። እንደ ትንሽ ጀልባ ሆኖ የሚቀረው ቅርፊት ዘይት ተቀብቶ እንደገና ይጋገራል። ከዚያ ቺዝ፣ የተጠበሰ ቤከን፣ የሽንኩርት ቅጠልና ሳወር ክሬም (ኮምጠጥ ያለ ክሬም) ይጨመርበታል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቤቶች ያስፋፉት አፒታይዘር፣ ማለትም ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርብ መክፈቻ ነው። «መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚሉት ከአንድ በላይ ስለሆኑ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም አበላሽቼዋለሁ። ሲበላሽ ጥፋተኛው ሁሌም ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ ውሃ። ጥሬ ድንች ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። የዚህ ምግብ ሥራ ያንን ውሃ ከቅርፊቱ ማባረር ነው። የምንሰማው ምክር ግን አብዛኛው ውሃውን በጓሮ በር መልሶ የሚያስገባ ነው።

«ቀቅሎ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል»

እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጊዜው በርግጥ ያጥራል። ግን ማድረቅ የምትፈልጉትን ልጣጭ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁት ነው፤ በዚያ ላይ ሲፈላ ልጣጩ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ልጣጭ ደግሞ ቺዝ አይሸከምም። ድንቹን በደንብ ፍተጉት፣ በፎጣ አድርቁት፣ በሹካ ሦስት አራት ቦታ ውጉት፣ ከዚያ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ኦቨን በቀጥታ ሽቦው ላይ አስቀምጡት። መካከለኛ ድንች 50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ቢላ ስትሰኩበት ያለምንም ትግል ከገባ በስሏል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው መሃሉ 98 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማውጣት ይችላል።

ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው አቋራጩ ማይክሮዌቭ ነው እንጂ ድስት አይደለም። ማይክሮዌቭ ውሃ አይጨምርም። ልጣጩ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፣ ግን ሁለተኛው መጋገር ያስተካክለዋል። ብቻ ሳትወጉት እንዳታስገቡት! እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ድንቹ ሊፈነዳ ይችላል፣ ማጽዳቱ ደግሞ ከምግቡ ሥራ ይብሳል።

«በፎይል ጠቅልሉት፤ ቶሎ ይበስላል፣ እርጥበቱንም ይይዛል»

ሁለተኛው እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው። ፎይል እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዘው ድንቹ አይጋገርም፣ በራሱ ላብ ይቀቀላል። ጊዜውንም ያን ያህል አያሳጥርም። የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ ብላችሁ የምትጨቃጨቁ ካላችሁ፣ ለውጥ የለውም፤ ፎይሉን መልሳችሁ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት።

ከጣዕሙ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሰው ለግብዣ ሲዘጋጅ ድንቹን ማታ በፎይል ጋግሮ እንደተጠቀለለ ጠረጴዛ ላይ ያሳድረዋል። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ የሚኖር ስለሆነ ድንች ላይ መገኘቱ አይገርምም። የባክቴሪያው ዘር መሰል ክፍል በኦቨን መጋገር አይሞትም። ፎይሉ አየር ይከለክላል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ክፍሉ ሞቃት ነው። ባክቴሪያው የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሲራባ ደግሞ መርዝ ያመነጫል። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ኤል ፓሶ ውስጥ በፎይል ተጋግሮ ለቀናት በክፍል ሙቀት የቆየ ድንች የገባበት ማጥቀሻ 30 ሰው ይህ መርዝ በሚያመጣው ቦቱሊዝም በሚባል በሽታ አሳምሟል። ስለዚህ የግድ በፎይል የጋገራችሁ ከሆነ ወዲያው ፍቱት። ፍሪጅ ውስጥ ስታስገቡትም ተፈትቶ ይግባ።

«ድንች ድንች ነው፣ የትኛውም ይሆናል»

አይሆንም። ድንች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንዱ ሲበስል ዱቄት ዱቄት የሚለው፣ ስታርቹ ብዙ፣ ልጣጩ ወፈር ያለ ነው። አሜሪካኖች ለዚህ ምግብ የሚመርጡት ራሴት የሚባለው ድንች ከዚህ ወገን ነው። ሌላው ሲበስል እንደ ሰም ጥብቅ ብሎ የሚቀር፣ ልጣጩ ስስና ለስላሳ የሆነው ነው። እሱ ለሰላጣ ግሩም ነው፤ ለዚህ ግን ልጣጩ አይችልም፣ ውስጡም ቶሎ አይደርቅም።

የገዛችሁት የቱ እንደሆነ ካላወቃችሁ ደስ የሚል ሙከራ አለ። አንድ ኩባያ ጨው በ11 ኩባያ ውሃ በጥብጡና ድንቹን ጣል አድርጉበት። ዱቄታሙ ስለሚከብድ ይሰምጣል፣ ሌላው ይንሳፈፋል። ለአንድ ግብዣ ይህን ያህል ጨው ማባከን ካሳሰባችሁ፣ መጠኑን ቀንሳችሁ በትንሽ ዕቃ አንዷን ድንች ሞክሩ።

መጠኑስ? ትልቅ ድንች ለእራት እንጂ ለቆሞ መብያ አይመችም። 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ርዝመት ያለው ይበቃል። ለአንድ ሰው ሦስት ግማሽ ብዬ ነው የማስበው፤ ሌላ ምግብ ካለ ሁለት።

«ውስጡን ሙልጭ አድርጋችሁ ዛቁት»

ስሙ ስኪን፣ በእንግሊዝኛ ልጣጭ፣ ስለሆነ ሰው ልጣጩ ብቻ የሚቀር ይመስለዋል። ሙልጭ ካደረጋችሁት የቀረው ወረቀት ነው፤ ወይ ይቀደዳል ወይ ኦቨን ውስጥ ተጨማዶ ይቃጠላል። ፈርታችሁ ብዙ ነጭ ከተዋችሁበት ደግሞ መሃሉ እንፋሎት ሲያመነጭ ያመሻል። ዙሪያውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉለት። መሸከሚያው እሱ ነው።

ሌላው ጥድፊያ ነው። ከኦቨን እንደወጣ አትዛቁት። እጃችሁ መቃጠሉ ሳያንስ ነጩ ገና ልል ስለሆነ ማንኪያው ልጣጩ ድረስ ይሰምጣል። ለሁለት ሰንጥቃችሁ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ተዉት። ያን ጊዜ እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ያ የሚሄደው እኔን ያዋረደኝ ውሃ ነው። 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲበርድ ስታርቹ ይጠነክራል፣ ማንኪያውም የት መቆም እንዳለበት ይነግራችኋል። ከጠርዙ ገባ ብላችሁ ጀምሩና ወደ መሃል ሳቡት፤ ከመሃል ከጀመራችሁ ሥሩን መብሳታችሁ አይቀርም።

«በዘይት ካልተጠለቀ ኮሽ አይልም»

አንዳንድ ምግብ ቤቶች ዘይት ውስጥ ይጠብሱታል፣ ይጣፍጣልም። ቤት ውስጥ ግን እንግዳ በር እያንኳኳ ሊትር ሙሉ ዘይት ማጋል ጣጣ ነው፣ ደግሞም አያስፈልግም። ኦቨኑን 230 ዲግሪ አድርሱት፣ ትሪውንም ባዶውን አብሮ ይሙቅ። ቅርፊቶቹን ውስጥም ውጭም ዘይት ቀቡ፣ ጨው በትኑባቸው። መጀመሪያ በግንባራቸው ድፉዋቸው፤ 8 እስከ 10 ደቂቃ። ከዚያ ገልብጧቸውና ያንኑ ያህል ጨምሩላቸው። ሲደርስ ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፣ በሹካ ጀርባ ስትመቱት ደግሞ ቋ ይላል። ድምፁ ድፍን ከሆነ ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። እኔ አሁን ሰዓት ማየት ትቼ በድምፁ ነው የምሄደው።

በቅቤ ይሻላል የሚሉም አሉ። ተራ ቅቤ ውስጥ 16 በመቶ ገደማ ውሃ አለ፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ያራል። የቅቤ ጣዕም ከፈለጋችሁ የነጠረ ይሁን።

«ቺዙ በበዛ ቁጥር»

ይህን ስጽፍ ቺዝ የምትወድ እህቴ እንደማትስማማ አውቃለሁ። ግን ጀልባውን እስከ አፉ ከሞላችሁት ከታች ያለው ኮሽ የሚለው ነገር ሁሉ ይታፈናል። ስስ አድርጋችሁ በትኑ፣ ቤከኑን ጣሉበት፣ ከላይ ደግሞ ትንሽ ቺዝ፤ ቤከኑ ተጣብቆ እንዲይዝ። ኦቨን ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በቂ ነው፤ ቺዙ እስኪቀልጥ ብቻ።

ተፈጭቶ የታሸገ ቺዝ እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ስለሚነሰነስበት እንደ አዲሱ ለስልሶ አይቀልጥም። ያልተፈጨውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ፈቅፍቁት። በጣም የቆየ ቼዳር የሚባለው ቺዝም ጣዕሙ ቢያምርም ሲቀልጥ ዘይቱን ይተፋል፤ ለጋ ያለው ይሻላል።

ቤከኑ ቺዙ ሥር ራሱ ይበስላል ብሎ ጥሬውን የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ። በአምስት ደቂቃ አይበስልም። ቀድማችሁ ለብቻው ጥበሱት፤ ከቀዝቃዛ መጥበሻ ብትጀምሩ ስቡ ቀስ ብሎ ይወጣል። ቤከን የማይበላ ሰው ካለ እንጉዳይ ውሃው ጥርግ እስኪል ድረስ ጠብሳችሁ ጨምሩለት፣ የሚጎድልበት ነገር የለም። ቲማቲም ከወደዳችሁ ፍሬውንና ጭማቂውን አውጡለት። ሳወር ክሬምና የሽንኩርት ቅጠል ሁሌም ከኦቨን በኋላ።

«ቫይታሚኑ ሁሉ ያለው ልጣጩ ላይ ነው»

እንዲህ እያለ አምስተኛውን የሚያነሳ እንግዳ አይጠፋም። ልጣጩ በአሰር የበለጸገ ነው፣ እውነት ነው። አብዛኛው ቫይታሚን ሲና ፖታሲየም ግን ያለው ዝቃችሁ ባወጣችሁት ነጭ ውስጥ ነው። ብሉት፣ ግን ለጤና ብላችሁ አትበሉት፤ ቺዝና ቤከን ተሸክሞ ጤና አይሰበክም።

ልጣጩ ላይ ልንጠነቀቅ የሚገባን ነገር አለ። አረንጓዴ የሆነ ድንች ብርሃን አግኝቷል ማለት ነው። አረንጓዴው ቀለም ራሱ ክሎሮፊል ስለሆነ አይጎዳም፣ ግን ሶላኒን የሚባለው መርዛማ ነገር አብሮት መጨመሩን ይጠቁማል። እሱ ደግሞ የሚከማቸው በተለይ ልጣጩ አካባቢ ነው፣ በመጋገርም አይጠፋም። ሌላ ወጥ ቢሆን ልጦ መጣል ይቻል ነበር፤ እዚህ ግን የምንበላው ልጣጩን ነው። አረንጓዴ ያለበትንና የበቀለውን ለዚህ ምግብ አትጠቀሙበት። ስትቀምሱት የሚመር ከሆነም ትፉት።

«ትኩሱን ካልሆነ አስቀድሞ አይሠራም»

ቺዙ ነው ትኩስ መሆን ያለበት። ቅርፊቱን ግን ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ጋግራችሁ፣ ዝቃችሁ ፍሪጅ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ሳይከደን ካደረ የፍሪጁ አየር ስለሚያደርቀው የበለጠ ኮሽ ይላል። በግብዣው ቀን የሚቀራችሁ ሁለተኛው መጋገርና ቺዙ ነው፣ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም። ጥሬውን ድንች ግን ፍሪጅ አታስገቡት። ብርድ ስታርቹን ወደ ስኳር ይቀይረዋል፣ ስኳሩ በከፍተኛ ሙቀት ቶሎ ይጠቁራል፣ አክሪላማይድ የሚባለው ጥሩ ያልሆነ ንጥረ ነገርም ይጨምራል። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሳጥን ይሻለዋል።

ስታቀርቡ አንዱን ባንዱ ላይ አትከምሩ፤ የታችኞቹ በላይኞቹ እንፋሎት ይልፈሰፈሳሉ። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አታቆዩት። የተረፈውን ሳወር ክሬሙን ጠርጋችሁ በማግስቱ በ200 ዲግሪ 10 ደቂቃ አሙቁት፤ ማይክሮዌቭ ጎማ ያደርገዋል።

የተዛቀውን ነጭ አደራ እንዳትጥሉት። ሾርባ ያወፍራል፣ ማሽ (የተደቆሰ ድንች) ይሆናል። እኔ በማግስቱ ጠዋት እንቁላል መትቼበት፣ የተረፈ የሽንኩርት ቅጠል ጨምሬ፣ እየጠፈጠፍኩ መጥበሻ ላይ ጠብሰዋለሁ። እሱን በሹካ ብትበሉት አላዝንም።