ኤ-ሳይድ ምንድን ነው?

መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። ስታዲየም ዙሪያ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እጠጣለሁ። አዲስ ዓመት ከገባ ገና ሦስት ቀኑ ነው፤ ወለሉ ላይ የደረቀ ቄጠማ አለ። አጠገቤ አራት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ላስ ቬጋስ ገና ቅዳሜ ማታ ነው። ቦክሰኞቹ ካኔሎ አልቫሬዝና ቴረንስ ክራውፎርድ ሪንግ ውስጥ ናቸው።

«ያኛው ማነው ግን?» አለ አንደኛው።

«ያኛው» ክራውፎርድ ነው። እስከዚያች ጠዋት 41 ጊዜ ተጋጥሞ 41 ጊዜ ያሸነፈ ሰው። ከአራቱ ልጆች አንዱም ስሙን አያውቅም። ካኔሎን ግን እስከ ቀይ ፀጉሩ ያውቁታል።

አሥራ ሁለቱ ዙር አለቀ። ሦስቱም ዳኞች ለክራውፎርድ ሰጡ። ከ70 ኪሎ ተነስቶ፣ ሁለት የክብደት መደብ ዘልሎ፣ በ76 ኪሎ ነው ያሸነፈው። ያ ጠያቂ ልጅ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እንዲህ የሚችል ሰው እስከዛሬ የት ነበር?»

ቢ-ሳይድ ላይ ነበር።

ካሴት የገዛ ትውልድ ሳይድ ኤና ሳይድ ቢን ያውቃል። ቃሉ የመጣው ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ከሸክላ ነው። በትንሿ ሸክላ በዚህ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በጀርባው ሌላ ዘፈን ይቀረጽ ነበር። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለፊተኛው ነው። የጀርባው አብሮ ይመጣል። አንዳንዴ የጀርባው ይበልጣል፤ ግን ካላገላበጥከው አታውቀውም።

በቦክስም እንደዚያው ነው። ኤ-ሳይድ የሚባለው ተመልካቹን ይዞ የሚመጣው ቦክሰኛ ነው። የግድ ሻምፒዮን አይደለም፤ የግድ የተሻለው ተጋጣሚም አይደለም። ቲኬት የሚያሸጠው እሱ ነው፣ በቃ። ስሙ ፖስተሩ ላይ ይቀድማል። ወደ ሪንግ እንደ ሙሽራ ኋላ ይገባል። ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ቀኑንና ከተማውን ይመርጣል። አንዳንዴ የጓንቱን ዓይነትና የሪንጉን ስፋት እንኳ በውል ያስጽፋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሰፊ ሪንግ ለሚሸሽ ይመቻል፣ ጠባብ ሪንግ ተጠግቶ ለሚመታ።

እ.ኤ.አ. በ2007 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ኦስካር ዴላሆያና ፍሎይድ ሜይዌዘር ላስ ቬጋስ ላይ ተገናኙ። ሜይዌዘር እስከዚያ ቀን አልተሸነፈም፤ በዚያ ቀንም አሸነፈ። ግን ኤ-ሳይዱ ዴላሆያ ነበር። በጊዜው እንደተዘገበው ተሸናፊው 52 ሚሊዮን ዶላር፣ አሸናፊው 25 ሚሊዮን ገደማ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጉድ ነው መቼም።

እኛ የሯጭ አገር ሰዎች ስለሆንን ይሄ ነገር አይገባንም። ሩጫ ላይ ሰዓት ይፈርዳል። በ1960 ሮም ላይ አበበ ቢቂላን ከሀገሩ ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። መነሻው መስመር ላይ ቆመ፣ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ጨረሰ፣ ዓለም አወቀው። ማንም «አንተን ማን ያውቅሃል? ካንተ ጋር አልሮጥም» አላለውም።

በዚያው ኦሎምፒክ የ18 ዓመቱ ካሲየስ ክሌይ፣ ኋላ መሐመድ አሊ የተባለው፣ በቦክስ ወርቅ ወሰደ። ኦሎምፒክ ላይ ቦክስም እንደ ሩጫ ነው ማለት ይቻላል። ተጋጣሚህን የሚሰጥህ ዕጣ ነው። የደረሰህን ትገጥማለህ፣ ካሸነፍክ ታልፋለህ። የእኛም ክለቦች፣ የፖሊሱም የማረሚያውም፣ የሚያውቁት ይሄንን ቦክስ ነው።

ፕሮፌሽናል ሲሆን ግን ዕጣው ይቀራል። ሊግ የለም፣ የጨዋታ ፕሮግራም የለም። እያንዳንዱ ግጥሚያ የሁለት ሰዎች ውል ነው። ውል ደግሞ እምቢ ማለት ይቻላል። ካሸነፍክ ብዙ ብር የማታገኝበት፣ ከተሸነፍክ ግን ስምህን የምታጣበት ሰው ቢመጣ ትፈርማለህ? እኔ አልፈርምም። ደካማና ስም የለሽ ቦክሰኛ ሁልጊዜ ሥራ አያጣም፤ ማንም ሊመታው ይፈልጋል። መከራው ጎበዝና ስም የለሽ ለሆነው ነው።

ሳም ላንግፎርድ ይሄ ነው የደረሰበት። ካናዳ የተወለደ ጥቁር ቦክሰኛ ነው፤ በቁመት አጭር፣ ግን ከባድ ሚዛኖችን በዝረራ የሚጥል። በ1906 ከጃክ ጆንሰን ጋር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆንሰን የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ እስከ 1915 ቀበቶውን ሲይዝ ላንግፎርድን አንድም ጊዜ አልገጠመውም። ገንዘቡ ያለው ነጭ ተጋጣሚ ጋ ነበር። ላንግፎርድ ዓይኑ እየጠፋ ቦክስ ቀጠለ፤ ለከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮናው ሳይጋጠም ሞተ።

ታዲያ ኤ-ሳይድ የሚሆነው እንዴት ነው? አንዱ መንገድ ሕዝብ ነው። ካኔሎ ከኋላው ሜክሲኮ አለች፤ አሜሪካ የሚኖሩት ሜክሲካውያን ደግሞ ቲኬት ይገዛሉ። ስለዚህ በሜክሲኮ በዓላት ሰሞን ይቧቀሳል። ክራውፎርድ ኦማሃ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ልጅ ነው። ኦማሃ ስታዲየም ትሞላለች፣ አገር ግን አይደለችም።

ሌላው መንገድ አፍ ነው። አሊ በ1961 ላስ ቬጋስ ላይ ጎርጅስ ጆርጅ የተባለ የትግል ትርኢት ሰው አገኘ። ሰውየው ስለ ራሱ ሲፎክር ሕዝቡ ይጮህበታል፤ አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። አሊ ነገሩ ገባው። ሰው ሊያይህ የሚመጣው ስለወደደህ ብቻ አይደለም፤ ስትዘረር ለማየትም ይከፍላል። ሜይዌዘርም ይሄንን አወቀበት። ከዴላሆያ ጋር በተገናኘበት ማታ ትልቁን የሜክሲኮ ባርኔጣ አጥልቆ ገባ፤ የተጋጣሚውን ሜክሲካውያን ደጋፊዎች ሆን ብሎ ለማናደድ። በ2015 ከማኒ ፓኪያዎ ጋር ሲገናኝ ድርሻው 60 ለ40 ነበር፤ 60ው የእሱ።

ያን ያልቻለበት ይጎዳል። ጊየርሞ ሪጎንዶ ኩባዊ ነው፤ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ አለው። በ2013 ዝነኛውን ኖኒቶ ዶኔርን ኒውዮርክ ላይ በነጥብ አሸነፈ። ይሸሻል፣ ይመታል፣ ይሸሻል። ባለሙያ ያጨበጭብለታል፣ ተመልካች ያዛጋል። ከዚያ ድል በኋላ ትልልቆቹ በሮች ይከፈቱለታል ሲባል ተዘጉበት።

ላሪ ሆምስ ላይ የደረሰው ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው። ከ1978 እስከ 1985 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር። ግን የመጣው ከአሊ በኋላ ነው። ይባስ ብሎ በ1980 ያረጀውን አሊን ራሱ ደበደበው። ጣዖታቸውን የመታባቸውን ሰው የሚወዱ ስንት ናቸው?

ቀበቶውስ? ቀበቶ ብዙ አይረዳም። ቀበቶ የሚሰጡት ትልልቅ ድርጅቶች አራት ናቸው፤ አራቱም የሚጋሩት 17 የክብደት መደብ አለ። ማባዛቱን ለአንባቢ ትቻለሁ። በአንድ ጊዜ ያን ያህል «የዓለም ሻምፒዮን» ሲኖር ማን ስማቸውን ይይዛል? ክራውፎርድ የመጀመሪያውን የዓለም ቀበቶ የወሰደው በ2014 ነው። እኛ ካፌ «ማነው?» የተባለው ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

ይሄን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ማኪያቶዬም አልቆ ነበር። ሸክላውን ብቻ ነገርኳቸው። «ታዲያ አሁን ኤ-ሳይድ ሆነ ማለት ነው?» አለ ልጁ።

«ሆነ» አልኩት።

ታኅሣሥ ላይ ክራውፎርድ ጓንቱን ሰቀለ፤ 42 ግጥሚያ፣ ዜሮ ሽንፈት። ልጆቹን በዚያው ሰሞን እዚያው ካፌ አገኘኋቸው። የጠየቁኝ ካኔሎ ቀጥሎ ከማን ጋር እንደሚገጥም ነው።