ደሴና ኮምቦልቻ፦ አደጋ ሲደርስ ማን ይደርሳል?

ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የተለጠፈች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። የሐረጎን ቁልቁለት ይዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ደሴ በዙሪያዋ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ጋር 151,174፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 85,367 ሰው ነበራቸው። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገዱ ብቻ አይደለም፤ የቦርከና ወንዝም አለ። ደሴ ላይ የዘነበው ዝናብ ኮምቦልቻ ሳይደርስ አይቀርም።

በወረቀት ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። የከተማው ምክር ቤት ከንቲባ ይመርጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይይዛል። ከሥር ክፍለ ከተማና ቀበሌ አሉ። ከላይ ክልሉ፣ ከዚያም የፌዴራሉ የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን። ጉዳቱ ከከተማው አቅም ሲያልፍ ደብዳቤው ማኅተም እየጨመረ ወደ ላይ ይወጣል። ደብዳቤ ግን አካፋ አይዝም። ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ቅሬ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይታቀፋል፤ ወሎዬ ይህን እንደ ልዩ ነገር ሲነገርለት ትንሽ ይገርመዋል። ዋና ሥራው ለቅሶ ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚው ግን ቤት ለፈረሰበትም ይወጣል። በሐምሌ ሌሊት የአንድ ሰው ግድግዳ ሲናድ ጥሩምባ ይነፋል። ወንዶቹ ዶማና አካፋ፣ ሴቶቹ እንጀራና የቡና ጀበና ይዘው ይመጣሉ። ጠዋት ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ቀበሌው በኋላ የተጎጂ ዝርዝር ሲያስፈልገው የሚጠይቀው የቅሬውን ዳኛ ነው። ማን ባለቤት፣ ማን ተከራይ፣ ማን ከዘመድ ተጠግቶ እንደሚኖር የሚያውቀው እሱ ነዋ።

የደሴ የዘወትር ጣጣ ናዳ ነው። ተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር ከላይ ተንሸራቶ የተከማቸ ልል አፈር ነው፤ ሥሩ የላላ ጥቁር ድንጋይ ነው። ክረምት ሲገባ አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል። ለመንገድና ለቤት ተብሎ ተዳፋቱ ሲቆረጥ ነገሩ ይብሳል። መፍትሔው ሲበዛ የታወቀ ነው፦ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ)፣ የድጋፍ ግንብ፣ ቦይ መጥረግ፣ ዛፍ መትከል፣ ለአደገኛው ቦታ ነዋሪ ምትክ ቦታ መስጠት። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ከፒያሳ አጠገብ የኖረ ሰው ዳር ውጣ ሲባል እሺ አይልም። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ፈተናዋ ጎርፍ ነው፤ ቦርከና፣ ወርቃና ሊዮሌ ሲሞሉ።

ወደ ኋላ ሲኬድ በደንብ የተመዘገበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አድርገው ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። የሣር ክዳን ቤቶች በእሳት ተያያዙ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ አውሮፕላኖቹ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ የዚያን ቀን ነው። በግንቦት 1953 ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ፣ ካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል። በ1965 እና 1966 የወሎ ረሃብ ጊዜ የተራበው ሰው በመኪና መንገዱ ዳር ወዳሉት ከተሞች ወረደ፤ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው በዚያ ማግስት ነው። 1977 ደግሞ ዳግመኛ ረሃብ።

2014 ግን ለብቻው ነው። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ሲገፋ ተፈናቃዩ ደሴ ገባ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ጠረጴዛው ወደ ጥግ ተገፋ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ሕፃናት ተኙ። ብዙ ቤተሰብም እንግዳ አስጠጋ። ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን አይጠየፍ ያሉባት ከተማ ናትና እንግዳ መቀበሏን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ጥቅምት 20 ገደማ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ አስተናጋጁም ተፈናቃይ ሆነ። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 27፣ መንግሥት መልሶ መያዙን አስታወቀ። ከ1928ቱ ድብደባ ቀን ጋር የአንድ ቀን ልዩነት ብቻ ነው ያለው።

የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ኮምቦልቻ ያለው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ሲዘረፍ ድርጅቱ በሁለቱም ከተሞች ምግብ ማከፋፈሉን ለጊዜው አቆመ። የተባበሩት መንግሥታት ዝርፊያው ውስጥ የትግራይ ኃይሎች አባላትም፣ አንዳንድ የአካባቢው ሰዎችም እንደነበሩበት የደረሰውን መረጃ ጠቅሶ ተናግሯል። ሁለተኛውን ክፍል የከተማው ሰው ደስ ብሎት አያወራውም።

መልሶ ማቋቋም ላይ ነው የከተማ አስተዳደሩ ቦታ ይበልጥ የሚታየው። ውሃና መብራት መመለስ፣ ቢሮ መክፈት፣ የተዘረፈውን መመዝገብ የቅሬ ሥራ አይደለም። ሆስፒታሉን ለማስነሣት ሌሎች ሆስፒታሎች ባለሙያና መሣሪያ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህም ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች ሐይቅ ከተማ አካባቢ በጃሪና ቱርክ በሚባሉት መጠለያዎች ኖረዋል።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ ቀበሌው ቦይ ጥረጉ ይላል። ማስታወቂያው ይለጠፋል። ሰው የሚወጣው ግን ጥሩምባው ሲነፋ ነው።