ጉንደላ ምንድን ነው? ያረጀ ቡናን ቆርጦ የማደስ ሥልጠና

የልማት ሠራተኛው ገበሬዎቹን ከቡናው ሥር ሰብስቦ ስለ ኮምፖስት ሲናገር ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ስለ አረምና ስለ ጥላ ዛፍ ሲያነሳም እንዲሁ። «ይሄን ቡና ከዚህ ጋ እንቆርጠዋለን» ብሎ ከጉልበቱ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያሳይ ግን ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ቡናው ገና ቅጠል አለው። ጥቂትም ቢሆን አምና አፍርቷል። አባት የተከለው፣ ልጅ የተዳረበት፣ ከብት የተገዛበት ዛፍ ነው። እሱን በመጋዝ ቁረጥ ማለት ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ይህ ትምህርት ጉንደላ ይባላል። ምርቱ የቀነሰ ያረጀ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ተቆርጦ፣ ከቀረው ጉቶ አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣና እንደገና እንዲያፈራ ማድረግ ማለት ነው። ቃሉ ራሱ ለሰሚው አይመችም። «ጎነደለ» ስንል አንድን ነገር ቆርጦ ጎደሎ ማድረጉን ነውና፣ ከማደስ ይልቅ ጉዳቱ ቀድሞ ጆሮ ይገባል። ለሥልጠናው ስም ያወጣለት ሰው ትንሽ ቢያስብበት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ጉንደላን ከሁለት ጎረቤቶቹ መለየት ያስፈልጋል። ገረዛ የደረቀውን፣ የተጠላለፈውንና ያለ ቦታው የበቀለውን ቅርንጫፍ እየለቀሙ በየዓመቱ ማስወገድ ነው፤ ዛፉ እንደቆመ ይቀጥላል። ነቅሎ መትከል ደግሞ አሮጌውን ከነሥሩ አውጥቶ ከችግኝ ጣቢያ በመጣ ችግኝ መተካት ነው። ጉንደላ በመሀል ነው ያለው፦ ላዩ ይሄዳል፣ ሥሩ ይቀራል።

ለምን ይህ ሁሉ? መልሱ ያለው ቡና ፍሬ በሚይዝበት መንገድ ነው። አረቢካ ቡና አበባ የሚያወጣው ባለፈው ዓመት ባደገው ለጋ የጎን ቅርንጫፍ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ያፈራ የቅርንጫፍ ክፍል ተመልሶ እምብዛም አያፈራም። ስለዚህ ዓመት በመጣ ቁጥር ፍሬው ወደ ጫፍ ይሸሻል፤ ቅርንጫፉ ከግንዱ አጠገብ ራቁቱን ይቀራል፤ ዛፉም ወደ ላይ ይረዝማል። የሃያና የሠላሳ ዓመት ቡና ለለቀማ መሰላል ወይም ጎንበስ የሚያደርግ ብርቱ ክንድ የሚፈልገው ለዚህ ነው። እንጨቱን ለመመገብ የሚያወጣው ጉልበት ከፍሬው ይበልጣል። አንድ ዓመት ያሸበረቀው በሚቀጥለው ዓመት ባዶ የሚሆነውም እያረጀ ሲሄድ ይብሳል።

የጎን ቅርንጫፍ ከተቆረጠ ራሱን አይተካም። ዋናው ግንድ ግን ቅርፊቱ ሥር የተኙ እንቡጦች አሉት። ላዩ ሲነሳላቸው ይነቁና ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚያድጉ ቀንበጦች ይሆናሉ። ከሥር ያለው ሥር የአዋቂ ዛፍ ሥር ስለሆነ ቀንበጡን በፍጥነት ይገፋዋል። አዲስ የተተከለ ችግኝ ለመጀመሪያ ፍሬ ሦስትና አራት ዓመት ሲያስጠብቅ፣ የተጎነደለ ቡና በሁለተኛው ዓመት ቅምሻ ያህል ይሰጥና በሦስተኛው ወደ ሙሉ ምርት ይገባል።

የኢትዮጵያ ቡና ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከአነስተኛ ገበሬ ማሳ ነው፤ ምርቱም ለረጅም ዓመታት በአማካይ በሄክታር ከ6 እስከ 7 ኩንታል አካባቢ ሲንከባለል ቆይቷል። በምርምር ማሳ ላይ ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይገኛል። ልዩነቱ ሁሉ በዛፍ እርጅና የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ድርሻው ግን ትልቅ ነው። የቡናና ሻይ ባለሥልጣንም፣ ክልሎችም፣ ከውጭ ገዢዎች ጋር የሚሠሩ የሥልጠና ፕሮጀክቶችም ጉንደላን ደጋግመው የሚያነሱት ስለዚህ ነው። ጫካ ሳይመነጥሩ፣ መሬት ሳይጨምሩ፣ ያለውን ዛፍ አድሶ ምርት ማሳደግ የሚቻልበት መንገድ ነው። አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የተመረተ ቡና እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ስላወጣ፣ በነበረው ማሳ ላይ መትጋት የገበያ ጉዳይም ሆኗል።

አቆራረጡ ላይ ላፍታ እንቆይ፤ ብዙ ጉቶ የሚሞተው እዚህ ነው። ጊዜው ለቀማ አልቆ ዝናብ ሳይጀምር ነው፤ በአብዛኛው ጥርና የካቲት። የእጅ መጋዝ እንጂ ገጀራ ወይም መጥረቢያ አይደለም፤ እነሱ ግንዱን ይሰነጥቁታል፣ ቅርፊቱንም ይልጡታል። መቆረጫው ከላይ ወደ ታች ያዘነበለ፣ 45 ዲግሪ ያህል መሆን አለበት። ጠፍጣፋ ከሆነ የዝናብ ውኃ ይተኛበትና ጉቶው ከላይ ወደ ታች ይበሰብሳል። በጣም ዝቅ ተደርጎ ከተቆረጠ እንቡጥ የሚወጣበት ቦታ ይጠፋል። ከፍ ከተደረገ ደግሞ የተጨናነቀና ደካማ ቀንበጥ ይበዛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረሳው መጋዙን ማጽዳት ነው። ቡናን ከነሕይወቱ የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ አለ፤ ገበሬው ዛፉ ቅጠሉን አጠውልጎ በወራት ውስጥ ቆሞ ሲደርቅ ያውቀዋል። ይህ በሽታ የሚገባው በቁስል ነው። በገጀራና በመቆፈሪያ የተጫረ ግንድ በር ይከፍትለታል። እንግዲህ አንድ የታመመ ዛፍ የቆረጠ መጋዝ ሳይጸዳ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ፣ ሥልጠናው ራሱ በሽታ አከፋፋይ ሆነ ማለት ነው። በአልኮል መጥረግ ወይም በእሳት ለብለብ ማድረግ ይበቃል። የታመመው ዛፍ ደግሞ አይጎነደልም፤ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል። ግንዱ የቦረቦረ፣ ጉቶው ሲቆረጥ ውስጡ ባዶ የሆነ ዛፍም ተስፋ የለውም።

ሌላም የማይጎነደል አለ። በ1963 ዓ.ም ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገብቶ ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ ሲያጠቁር፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከየደኑ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ለቅመው አወጡ። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን የፈረንጅ ዓመት ያመለክታል። ማሳው በየዓመቱ በዚህ በሽታ የሚመታ ከሆነ ጎንድሎ ያንኑ ተጠቂ ዛፍ ማደስ ትርፉ ድካም ነው፤ ነቅሎ መትከል ይሻላል። በሌላ በኩል ጉንደላ የአካባቢውን ዘር ያቆያል። በጌዴኦ ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ የሚባሉት ነባር ዝርያዎች የይርጋጨፌን ጣዕም የተሸከሙ ናቸው። ሥሩ ከቀረ ዘሩም ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መጋዝ አያያዝ በአንድ ጠዋት ይለመዳል። ገበሬው እምቢ የሚለው አቆራረጡ ስላልገባው አይደለም፤ ባዶ የሚሆኑት ሁለት ዓመታት በደንብ ስለገቡት ነው። በእኔ አመለካከት አብዛኛው ሥልጠና የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ስለ ዛፉ ብዙ ይናገራል፣ ስለ ጓዳው ዝም ይላል። የትምህርት ቤት ወጪ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የዕድር መዋጮ ቡናው እስኪያገግም አይጠብቁም።

መፍትሔው በተራ መቁረጥ ነው። 1,000 ዛፍ ያለው ገበሬ እንውሰድ። በሁለት ሜትር ርቀት ከተተከለ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት ነው። ማሳውን አራት ቦታ ከፍሎ በየዓመቱ 250 ቢጎነድል፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሩብ ዛፉ አይለቅምም። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሩብ ሲጨመር የሚያጣው ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ የመጀመሪያው ሩብ ቅምሻ ብቻ ነውና። ከባዱ ጊዜ ይሄ ነው፣ ሳይደበቅ ሊነገረው ይገባል። በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያው ሩብ ሙሉ ፍሬ ይዞ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ክፍል ሲወጣ አንዱ ይገባል። አራተኛው ሩብ ሲያልቅ ማሳው ሁሉ ታድሷል። ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከሁሉ የባሰው፣ ከዛፉ ግማሽ ኪሎ እሸት እንኳ የማይለቀምበት ክፍል ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ሩብ የሚመስለው ኪሳራ በጆንያ ሲለካ ከሩብ በጣም ያንሳል።

የተከፈተው ቦታም ባዶ አይቀመጥም። ጥላው ስለተነሳ ብርሃን ገብቷል፤ በጉቶዎቹ መሀል ቦሎቄ ወይም አደንጓሬ ይዘራል። ለወጥም ለገበያም ይሆናል፣ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይተዋል። በቆሎ ግን አይመከርም፤ ከቀንበጡ ጋር ይሻማል፣ ይጋርደዋልም። በጌዴኦና በሲዳማ እንሰት ያለው ቤተሰብ ከሌላው የተሻለ ይደፍራል፤ ቆጮው ጓሮ ስላለ ቡናው ሁለት ዓመት ቢያርፍ ረኃብ አይገባም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የትልቅ ዛፍ፣ የእንሰትና የቡና መደራረብ ነበር። የባንክ ብድር የማይደርስበት ሰው መጠባበቂያው ይህ ነው። እንሰት በሌለበት አካባቢ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ገበሬው ቡናው ሲከዳው ከመጎንደል ይልቅ ነቅሎ ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ሊተክል ይችላል፤ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይሸጣላ!

ሰው የሚያምነው ደግሞ በንግግር ሳይሆን በዓይኑ ነው። በማሠልጠኛ ማዕከሉ ግቢ ያለ ሠርቶ ማሳያ ጥሩ ነው፤ የመንግሥት መሬት ግን የመንግሥት መሬት ነው፣ ቢከስር ማንም አይራብበትም። ከዚያ ይልቅ የጎረቤት አጥር ውስጥ ያሉ 20 ጉቶዎች ብዙ ይናገራሉ። አንዱ ገበሬ ሀያ ዛፍ ቆርጦ ሲሳቅበት ከርሞ፣ በሦስተኛው ዓመት ልጆቹ ያለ መሰላል ሲለቅሙ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል።

ማን ይሠለጥናል የሚለውም አለ። ለሥልጠና የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ስሙ በመሬት ደብተር ላይ ያለው አባወራ ነው። ከጉቶው ሥር የሚያርመው፣ ፍግ የሚያለብሰው፣ ቀንበጡን የሚጠብቀው ግን በብዙ ቤት ሚስትና ልጆች ናቸው። ባልየው የሰማውን ማታ ቡና ሲፈላ ካልነገራት፣ እውቀቱ ከአበል ጋር አብሮ አለቀ።

ይህ የሚከብደው በተለይ በክረምት ነው። ጉቶ ዝናብ ሲያገኝ አንድና ሁለት አይደለም፣ አሥርና አሥራ አምስት ቀንበጥ ያወጣል። ከእነዚህ ከተለያየ አቅጣጫ የወጡ፣ ከግንዱ ጋር በደንብ የተያያዙ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮች ተመርጠው ሌላው መነሳት አለበት፤ በኋላም አዲስ በወጣ ቁጥር እንዲሁ። እጅ ይበቃል፣ ቀንበጡ ለጋ ሳለ ይነቀላል። ግን ያ ያማረ አረንጓዴ ሲታይ ማን ይጨክናል? ዛፉን ቆርጦ ሲጨነቅ ለከረመ ሰው እያንዳንዱ ቀንበጥ ምሥራች ነው። ሥልጠናው የተሰጠው በየካቲት ነበር፤ ሰኔና ሐምሌ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አሠልጣኙም አልተመለሰም። እንዲህ የተተወ ጉቶ በሦስተኛው ዓመት ሲታይ ቀጫጭን ግንዶች የታጨቁበት፣ መሀሉ ጨለማ የሆነ፣ ዳር ዳሩን ብቻ ጥቂት ፍሬ ያንጠለጠለ ቁጥቋጦ ነው፤ ባለቤቱም ለጠየቀው ሁሉ «ጎንድሉ ብለውን ጎነደልን፣ ይኸውና» እያለ ያሳያል።