ሚስቱ ያረገዘች ወንድ፦ የሚባለውና እውነታው

«ክትትል የሴት ጉዳይ ነው፤ ወንድ እዚያ ምን ይሠራል?»

ብዙ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። ሥራ እያለ ሁሉም ላይ መገኘት ከባድ ነው። ግን አንዴም አብሯት ያልሄደ ባል አደገኛ ምልክቶቹን ከማን ይሰማል? ደም መፍሰስ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ አንዱ ሌሊት ቢመጣ «እስኪነጋ እንይ» ወይም «ተነሺ፣ እንሂድ» የሚለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እናቶችን ለሞት ከሚዳርጉት ሦስቱ መዘግየቶች (እቤት፣ መንገድ ላይ፣ ጤና ተቋም ውስጥ) የመጀመሪያው እቤት ውስጥ፣ ውሳኔው ላይ የሚፈጠረው ነው። ስለዚህ የሹፌር ስልክ መያዝ፣ ገንዘብ ማስቀመጥ፣ ደም የሚለግስ ዘመድ ቀድሞ ማነጋገር የአባት ሥራ ነው። ለእኔ ወንድነት ይህ ነው።

«ወንድ ማጀት ከገባ ክብሩ ይወርዳል»

በመጀመሪያዎቹ ወራት የቁሌት ሽታ ብቻ የሚያስመልሳቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። እሷ እያስመለሳት ወጥ ስትሠራ ሳሎን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምኑ ነው ክብር?

«መንከባከብ ወንዱን ያልፈሰፍሰዋል»

የወንዱም ሰውነት ለአባትነት ይዘጋጃል። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ600 በላይ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አባት የሆኑት ላይ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞን በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። ልጃቸውን በየቀኑ ለረጅም ሰዓት የሚንከባከቡት ላይ ደግሞ የበለጠ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮ ናት።

«ሴት ልጅ ብቻ መወለዷ የእናትየዋ ጥፋት ነው»

የልጁን ጾታ ከሚወስኑት ክሮሞዞሞች (ዘር ተሸካሚዎች) እናት ሁልጊዜ ኤክስ ነው የምትሰጠው። ሴት የሚያደርገው ኤክስ ወይም ወንድ የሚያደርገው ዋይ የሚመጣው ከአባት ነው። ለነገሩ ሴት መውለድ ከመቼ ጀምሮ ነው ጥፋት የሆነው?

«ወንድ ልጅ አይጨነቅም»

ይጨነቃል። የብዙ አገር ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ከእርግዝናው ጀምሮ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ከ10 አባቶች አንዱ ገደማ ድብርት ያጋጥመዋል። ወንድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንባ ሆኖ አይታይም። ቁጣ ይሆናል፣ መጠጥ ይሆናል፣ አምሽቶ መግባት ይሆናል። ያኔ ጓደኞቹ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ!» ከሚሉት፣ ቁጭ ብለው ቢያዳምጡትና ሐኪም ቢያማክር ይሻለዋል።

«ሕጉ አባትን አያውቀውም»

ያውቀዋል፤ ቢያንስም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለእኔ በጣም ትንሽ ነው። ቢሆንም መብት ነውና፣ ምጡ ሳይመጣ ለአለቃህ አስቀድመህ ንገረው።