«መጠጥ በዘራችን ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

«አባቴ ጠጪ ነበር፤ እኔም አይቀርልኝም» የሚለው ነገር ስለተደጋገመ ላስረዳ። የአልኮል ሱስ 50 በመቶ ገደማ በዘር ይወረሳል ይባላል። ግማሹ ዕጣህ ተጽፏል ማለት ግን አይደለም። ቁጥሩ የሚለካው በብዙ ሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ነው እንጂ አንተን ለብቻህ አይደለም።

ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮችን እንይ። ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም አንዱ ሱስ ይዞት ሌላው የሚተርፍበት ጊዜ አለ።

ዘረመል ጠርሙስ አይከፍትም። ሰውነት አልኮልን የሚያስተናግድበትን መንገድ ግን ይለውጣል። አንዱ በመጀመሪያው ብርጭቆ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይደልቃል። ሌላው አራተኛውን ጨርሶም ምንም አይሰማው። «ጎበዝ ጠጪ» የምንለው ይሄኛው ነው፤ ለሱስ የበለጠ የሚጋለጠውም እሱ። የተጋላጭነቱ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። ያልጠጣ ሰው ግን፣ ዘሩ ምንም ይሁን ምን፣ የመጠጥ ሱሰኛ አይሆንም።